የሻምበሉ በርጫና የኅዳር ንስሮች

የተያዝኩት ሰማይ እያየሁ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅኩበትም። ከድሬዳዋ በላይ ካለው ኮረብታ አናት ላይ ድንጋይ ተደግፌ፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ደቅኜ፣ በጅቡቲ በኩል የሚመጡትን ንስሮች እየጠበቅኩ ነበር። የሆነ እጅ ከኋላ ኮሌታዬን ጨምድዶ ያዘ። «ምን ታያለህ?» አለኝ። «ወፍ» አልኩት። የመጀመሪያውን ጥፊ የቀመስኩት ለዚች መልስ ነው።

ታዲያ ወፍ ነው እኮ! ሌላ ምን ልበል? በየዓመቱ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ በሰሜን ያሉት አገሮች መቀዝቀዝ ሲጀምሩ፣ ንስሩም ጭልፊቱም ሽመላውም ነቅሎ ይነሳል። በዐረብ አገር አድርጎ ይወርድና ባሕሩ በሚጠብበት በኩል ይሻገራል፤ ከዚያ ተራራውን ተከትሎ በእኛው በድሬዳዋ አናት ላይ ያልፋል። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ተራው የንስሩ ነው፤ ይጎርፋል። ከተማው ግን አያየውም። ድሬ ላይ ሰው ወደ ላይ የሚያንጋጥጠው የዳቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይሆን ብሎ ደመና ሲፈራ ብቻ ነው።

ይህን ነገር ያሳየኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። እሱ ባቡር ነጂ፣ እኔ እዚያው ምድር ባቡር የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበርን። እሱ ሲነዳ በመስኮት አንገቱን እያወጣ ዓመት ዓመት ያያቸው ኖሮ፣ አንድ እሁድ ጎትቶ ኮረብታው ላይ አወጣኝ። በቃ፣ ያዘን። መነጽሩን ወደ አገሩ ከሚመለስ ግሪክ ባለሱቅ አገኘነው። ለሰው ግን ትንፍሽ አላልንም። ሚስትና ልጅ ያላቸው ሁለት ጎልማሶች ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ወፍ ያያሉ ቢባል፣ ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር መሳለቂያ መሆናችን ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ «ዘመድ ልጠይቅ ነው» እያልን ነበር የምንወጣው። እሱም ለሚስቱ፣ እኔም ለሚስቴ። ጉድ የሠራችኝ ይቺ ውሸት ናት።

ሰሞኑ ክፉ ነበር። የባቡር ሠራተኛው ማኅበር ያቋቁም የሚል ወሬ ተነስቶ፣ ወሬውን ያነሳው ሰው በየቦታው የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ካነሱት መሀል ዋናው ደግሞ ይኸው ጓደኛዬ ነው። ከኮረብታው ላይ የሚታየው ወፍ ብቻ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር፤ የአውሮፕላን ማረፊያውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ ሥራ ፈት «ሁለት ሰዎች በመነጽር ማረፊያውን ይሰልላሉ» ብሎ ጠቆመ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ጓደኛዬ የሥራ ሰዓቱ ደርሶበት በወዲያኛው በኩል ወርዷል። እኔን ብቻ አገኙ። ቤቴ ሄደው ሚስቴን «ባልሽ የት ነው የሄደው?» ሲሏት «ዘመድ ሊጠይቅ» አለቻቸው፤ ምን ታድርግ፣ እኔው ያልኳትን ነው የደገመችው። ከዚያ በኋላ ወፍ አልኩ፣ ንስር አልኩ፣ ማን ይስማኝ!

እንግዲህ ነገሬ እንዲህ ሆነ። ወፍ እያየሁ እንደነበር ሊመሰክርልኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ። የዚያን ሰው ስም ከጠራሁ ደግሞ እሱም አለቀለት፣ ማኅበሩም አለቀለት። ትንንሽ ልጆች ነበሩት። ከዚህ የበለጠ የሚያበግን ነገር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ያሰሩኝ ዳቻቱ ዳር በነበረ አሮጌ የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነው። ቆዳው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ወለሉ ላይ የቀረው ጨው እግር ይበላል። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ውስጥ የተቀመጥን ይመስለን ነበር። አንዱን ቆርቆሮ ንፋስ ነቅሎት፣ በዚያች ቀዳዳ የአንድ ጠረጴዛ ያህል ሰማይ ይታያል። ገና እንደገባሁ ቀዳዳዋ ስር ቦታ ያዝኩ።

አብሮኝ የነበረው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ሶማሌ ነው፤ በግመል ጭኖ ከጅቡቲ ጨርቅ ሲያስገባ ነበር የተያዘው። አዴር እለው ነበር፤ በእነሱ አፍ አጎቴ እንደማለት ነው። እስር ለእሱ ብርቁ አልነበረም፤ ዝናብ እስኪያባራ ዛፍ ስር እንደቆመ ሰው ነበር የሚቀመጠው።

«አንተን በምን ያዙህ?» አለኝ በገባሁበት ቀን።

«ወፍ ሳይ።»

«አቦ ተው!» አለና ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። «እኔም ጨርቁን የጫነችው ግመሏ ናት፣ እኔ አላየሁም ብያቸዋለሁ።»

እሱ እንኳን አላመነኝም። እስረኛ እስረኛን ካላመነ እንግዲህ የት ይደረሳል?

የእስር ቤቱ አለቃ ከደጋ የተላከ ሻምበል ነው። ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ጠዋት ጠዋት ያስጠራኝና አንዲት ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ሁለተኛው ማነው?» እኔም «ብቻዬን ነበርኩ» እላለሁ። «ሁለት ናቸው ተብሏል።» «የጠቆመዎት ሰው ፀሐይ መትቶት ይሆናል።» ከዚያ የሚሆነው ይሆናል፤ እሱን አላወራም። ቀኑ እንዲህ እየሄደ፣ እኔ በቀዳዳዋ አንዳንድ ጭልፊት ሲያልፍ እያየሁ፣ ኅዳር ገባ። ንስሮቹ በአናቴ ላይ ሊያልፉ ነው፣ እኔ ግን ያለኝ የጠረጴዛ ያህል ሰማይ ነው። ከጥፊው ይልቅ ያ ነበር አንጀቴን የሚያሳርረው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አስጠራኝ። በዚያ ሰዓት ጠርቶኝ አያውቅም። ስገባ ግን ጠረጴዛው ጥግ ተገፍቶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ትራስ ተደርድሮ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጫት ከውሃ ጋር ቀርቦ አየሁ።

«ተቀመጥ» አለኝ።

ቆይቼ ነው የገባኝ። ሰውዬው ድሬ ከመጣ ወዲህ ጫት ለምዷል። ድሬ ላይ ደግሞ በርጫ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ጫቱ ሰበብ ነው፣ ወጉ ነው ዋናው። ወታደሮቹ ከአለቃቸው ጋር አይቀመጡም። የከተማው ሰው ይፈራዋል፤ ጎረቤቶቹ እንኳ እሱ ሲመጣ ወሬ ይቀይራሉ። የሚያወራው ሰው ቢያጣ እስረኛውን ጠራ። ቢያስቅም ባያስቅም እውነቱ ይኸው ነው፤ ጠዋት በጥፊ የሚለኝ ሰው ከሰዓት በኋላ ለወግ ፈለገኝ።

«እንካ» ብሎ ቀንበጥ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩ። እምቢ ማለት ነበረብህ የሚለኝ ካለ፣ ጫት የራቀው የድሬ ሰው አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

መጀመሪያ እየቀነጠስን ቃምን። ቀስ እያለ ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ፣ ዓይኑ ሰፋ፣ ድምፁ ለሰለሰ። ምርቃናው መጣ ማለት ነው።

«እስቲ ስለነዚያ ወፎችህ ንገረኝ» አለኝ።

ነገርኩት። እኔም እኮ መርቅኛለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ይፈስ ነበር። ንስር ክንፉን እያማታ አገር አያቋርጥም፣ ቢያደርገው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይሞታል አልኩት። ጠዋት ገደል ላይ ተቀምጦ መሬቱ እስኪግል ይጠብቃል። ሙቁ አየር ከመሬት ሲነሳ ክንፉን ዘርግቶ ይገባበትና እየዞረ፣ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ደግሞ ራሱን ለቆ እየተንሸራተተ እስከሚቀጥለው ሙቅ አየር ይሄዳል። «ስለዚህ አራት ሰዓት ሳይሆን ድሬ ላይ አታያቸውም» አልኩት። «አታያቸውም» እንጂ «አያዩዋቸውም» አላልኩም። እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ሰነፎች ነን፤ ምርቃና ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋናል። እሱም ልብ አላለውም።

«ክንፉን ሳያማታ?» አለኝ።

«ሳያማታ።»

«ከዚያ ከበረዶ አገር ድረስ?»

«ከዚያ ድረስ።»

ጭኑን በመዳፉ መታ። «አንተ ሰው እኮ እውነትህን ነው! ይህን ማንም ተነስቶ አይፈጥረውም። እኔ አምኜሃለሁ፣ ገባህ? ነገ አራት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ቆመን አብረን እናያለን። ከመጡ፣ በዚያው ሰዓት ቤትህ ትገባለህ። የወንድ ቃል ነው!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ድሬ ተወልጄ ድሬ ያደግኩ ሰው፣ እኔ፣ አመንኩት! ድሬ ላይ ሕፃን የሚያውቀውን እኔ ረሳሁት። በርጫ ላይ ፎቅ ይሠራል፣ ሱቅ ይከፈታል፣ ሴት ልጅ ትዳራለች፣ የተጣላ ይታረቃል። ማታ ገራባው፣ የጫቱ ትራፊ፣ ሲጠረግ ሁሉም አብሮ ይጠረጋል። በርጫ ላይ የተባለውን በማግስቱ «ብለኸኝ ነበር» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ነውረኛ ነው የሚታየው፤ ሁለተኛ በርጫ ላይ የሚጠራውም የለም።

መጋዘኑ ውስጥ ተመልሼ ለአዴር ነገርኩት።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ይሄን ያለህ?» አለኝ።

«ወደ አስር ሰዓት ግድም።»

«መርቅኖ ነበር?»

«አዎ፣ ግን...»

«አቦ አንተ የየት አገር ሰው ነህ? እኔን አንዱ በርጫ ላይ መርከብ ሰጥቶኛል። ወላሂ፣ መርከብ! ሄጄ መርከቤን አምጣ አልኩት?»

ፊቴን አዞርኩበት። የተናደድኩት በእሱ ነበር እንጂ በሻምበሉ አይደለም፤ እውነቱን ስለነገረኝ።

በማግስቱ ጠዋት እንደወትሮው ተጠራሁ። ሻምበሉ ዓይኑ ፍም መስሏል። ምርቃናውን ሊሰብር ለጨብሲ ወጥቶ መጠጥ ሲገለብጥ አምሽቷል፤ ሽታው እኔ ድረስ ይመጣል። ገና ሳልቀመጥ «ሁለተኛው ማነው?» አለኝ።

«ሻምበል፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ምን ብዬህ?»

«ንስሮቹን አብረን ልናይ። ከመጡም ቤትህ ትገባለህ ብለውኝ...»

ቀና ብሎ አየኝ። ማስታወሱን ከዓይኑ አየሁ፤ እምላለሁ፣ አስታውሷል። ከዚያ ፊቱ ቀላ።

«እኔ ካንተ ጋር ቆሜ ወፍ ላይ? ውሰዱልኝ ይሄንን!»

ወሰዱኝ። አዴር እንደገባሁ ገጽታዬን አይቶ ከቀዳዳዋ ስር ፈቀቅ አለልኝ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀዳዳዋ ስር ቁጭ ብዬ፣ በሻምበሉ አይደለም፣ በራሴ ጨጓራዬ ተላጠ። እንዴት አንድ የድሬ ሰው የበርጫ ቃል ይዞ ቢሮ ይገባል?

ረፈድ ሲል በቀዳዳዋ የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እያየሁት ነበር። ድንገት ጥላ አለፈበት። ወዲያው ሌላ። ከዚያ ሁለት ተከታትሎ። ቀና አልኩ።

አንድ ንስር ቀዳዳዋን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አለፈ። የሆነ ንፋስ ወደ ታች ተጭኗቸው ይሁን እንጃ፣ እንደዚያን ቀን ዝቅ ብለው አይቻቸው አላውቅም። ብድግ ብዬ በሩን በሁለት እጄ መደብደብ ጀመርኩ።

«ሻምበል! መጡ! ኑ እዩ! መጡ እኮ!»

አዴር ቀዳዳዋ ስር ሄዶ አንጋጠጠ። «ያ አላህ!» አለ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰማዩ አየ፤ ከዚያ መጥቶ ከጎኔ በሩን በእግሩ ይደልቀው ጀመር። «ክፈቱ! የሰውዬው ወፍ መጥቷል! ውሸቱን አይደለም!»

ዘበኛው ሊያስታግሰን በሩን ሲከፍት ተያይዘን ግቢው ውስጥ ወጣን። ሻምበሉም ሸሚዙን ሳይቆልፍ እየተሳደበ ከቢሮው ወጣ። ግቢው መሀል ሲደርስ የእኔን ዓይን ተከትሎ ወደ ላይ አየ። ስድቡ አፉ ውስጥ ቀረ።

ከተራራው ጫፍ እስከ ባቡር ጣቢያው ሰማዩ ንስር ነበር። አናታችን ላይ እየዞሩ ይወጣሉ፤ ወጥተው ሲጨርሱ አንድ በአንድ በአዋሽ መንገድ ላይ ወዳለችው ሁርሶ በኩል ይንሸራተታሉ፤ ከኋላ ደግሞ ሌሎች ይተካሉ። አንዱም ክንፉን አያማታም። ድምፅ የለም። ዘበኛው መሣሪያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሻምበሉ መነጽሬን አስመጣ፤ ማስረጃ ተብሎ በጨርቅ ታስሮ ነበር። ፈትቶ ረጅም ጊዜ አየበት። ሲያወርደው ፊቱ የትናንት ከሰዓት በኋላ ፊቱ ነበር።

«እንካ፣ አንተም እይ» ብሎ ሰጠኝ።

ዓይኔ ላይ ደቀንኩት። ወዲያና ወዲህ አዞርኩት። ከዚያ አንዱን አገኘሁት፤ ቢጫውን የአፉን መስመር፣ ጭንቅላቱን ወደ እኛ ዘንበል ሲያደርግ አየሁ። ስንት ጊዜ ነው ለዚህ የተራብኩት!

ሻምበሉ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ወዳጅ፣ «ያኛውም ሰውዬ ያን ቀን ይሄንኑ ነበር የሚያየው?» አለኝ።

«አዎ» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። እንደ ወትሮው ቢጠይቀኝ መልሴ የተዘጋጀ ነበር፤ ይሄ ግን የበርጫ ድምፅ ነው። አውቆ ያጠመደልኝ ይሁን፣ ወይስ ደስታው አናግሮት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እውነቱም እኮ እሱው ነው፤ አዎ፣ እሱም ይሄንኑ ነበር የሚያየው፣ እንዲያውም እኔን ያሳየኝ እሱ ነው። ብናገር ምናልባት በዚያች ሰዓት ቤቴ እገባ ነበር። ግን ይሄ ሰው ነገ ጠዋት ሌላ ሰው እንደሚሆን ገና ከአንድ ሰዓት በፊት አሳይቶኛል። ደስታው ሲበርድ እጁ ላይ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው።

መነጽሩን ከዓይኔ አወረድኩ። መስታወቱን በሸሚዜ ጫፍ ጠራረግኩና በሁለት እጄ መለስኩለት።

«ብቻዬን ነበርኩ፣ ሻምበል» አልኩት። «ይኸው፣ እርስዎ ይዩበት። እኔ ልግባ።»

ዘበኛው ሳይነካኝ ዞሬ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ንስሮቹ ገና እያለፉ ነበር፤ ጥላቸው መሬቱ ላይ እግሬ ስር ይሄዳል። ቀና አላልኩም። ቀና ብል ኖሮ እግሬ አይሄድልኝም ነበር። ኡፍ! በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። አዴርን ረስተውት፣ ንስሮቹ እስኪያልፉ ድረስ ግቢው ውስጥ ሲያይ ቆየ፤ ተመልሶ ሲመጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገውን ሽርጥ አውርዶ እኔ በምተኛበት ጨው ላይ አነጠፈልኝ።

ሻምበሉ ሁለተኛ ለበርጫ አልጠራኝም። ጠዋት ጠዋትም ያችን ጥያቄ ትቶ ነበር። ለመፍታት ግን ልቡ አልደፈረም፤ ክረምት እስኪገባ እዚያው ቆየሁ። ስወጣ ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። ሥራዬን አጣሁ፤ መነጽሩም ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ አላውቅም።

ጓደኛዬን ማንም አልነካውም። በተፈታሁ ዕለት ማታ ቤቴ መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ያዘ። ምስጋና ለእሱ አይነት ሰው ከባድ ነገር ነው። በመጨረሻ ከአፉ የወጣው ምን መሰላችሁ?

«አንተ፣ የዘንድሮው ኅዳር አመለጠህ እኮ! ከአዋሽ ስመለስ ሁርሶ ጋ ስደርስ በቃ ሰማዩ ንስር! ባቡሩን ላቆመው ምንም አልቀረኝም። ምስኪን፣ ይሄን ሳያይ ቀረ ብዬ አንተን ነው ያሰብኩት።»

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል። ኮረብታውን መውጣት ካቆምን ቆየን፤ ኅዳር ሲመጣ የእሱ ቤት ደጃፍ ወንበር አውጥተን እንቀመጣለን። ዓይናችንም እንደድሮው አይደለም፤ አንዳንዴ ቁራውን ንስር ነው ብለን እንከራከራለን። በየዓመቱም ያንን የሁርሶ ቀን ለልጅ ልጆቹ ያወራል፤ «ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው ያላየው» እያለ በእኔ ያሾፋል። በዚያው ቀን እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ የሆነውን አልነገርኩትም። ብነግረው ያች ቀን ዕዳ ሆና ትከብድበታለች፤ አሁን ግን የደስታ ቀኑ ናት። ሳይቆጨኝ ቀርቶ አይደለም። አንዳንዴ «ዝም በል፣ እኔም አይቻለሁ!» ብዬ ልጮህበት ይዳዳኛል፤ ደሜ ይፈላል።

ዘንድሮም አወራው። ልጆቹ እየሳቁ ወደ እኔ ሲዞሩ አየሁ፤ እኔም ወንበሬን ወደ እሱ ጠጋ አደረግኩ።

«ዝቅ ብለው ነበር?» አልኩት።

«አይ አንተ!» አለኝ፤ «ብታያቸው!»